የባሕረኛ መታወቂያ በጅማ፦ ከቀበሌ ወረቀት እስከ ቺፑ

አንድ ባሕረኛ ወደብ ላይ ከመርከብ ወርዶ ከተማ ገብቶ ሲመለስ ቪዛ እንዳይጠየቅ የሚያደርገው የባሕረኛ መታወቂያ ሰነድ ነው። ደንቡ የተቀመጠው በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 185 ነው። ስምምነቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ጸድቆ የ1958ቱን ቁጥር 108 ተካ፤ ሥራ ላይ የዋለው በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. ነው። መጀመሪያ የሁለት ጣት አሻራ በባርኮድ ታትሞ ነበር የሚሠራው። በየወደቡ ያንን ባርኮድ የሚያነብ መሣሪያ አልተስፋፋም፤ የየአገሩ ፓስፖርት ግን ፊት የያዘ ቺፕ ይዞ መጣ። ስለዚህ በ2016 እ.ኤ.አ. አባሪዎቹ ተሻሻሉና ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰነዱ እንደ ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ሰነድ 9303ን (በማሽን የሚነበቡ የጉዞ ሰነዶችን ደንብ) እንዲከተል ተደረገ።

ይህን ሥርዓት የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡንም ስብሰባውንም ካርዱና ቺፑ ላይ ይጨርሳል። ካርዱን ወደብ ላይ ከንቱ የሚያደርገው ግን በአብዛኛው መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ የገባ ስምና ቀን ነው። ቺፑ የተነገረውን ይይዛል እንጂ እውነቱን አያውቅም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያዘወትረው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ያውም ከባሕር እጅግ በራቀችው ጅማ ላይ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በሜካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቆ ባሕር ዳር ማሪታይም አካዳሚ ለመግባት የሚያስብ ወጣት ማንነቱን የሚያስረዱለት ወረቀቶች የሚወጡት እዚሁ፣ ከቀበሌው ነው።

ማን ይገባዋል

ስምምነቱ ባሕረኛ የሚለው በማናቸውም የሥራ መደብ፣ በተለምዶ በባሕር ጉዞ ላይ በሚሠራ መርከብ ውስጥ የተቀጠረን ወይም የሚሠራን ሰው ነው፤ የጦር መርከብ አይጨምርም። ወጥ ቤቱም ዘይት ቀቢውም ካፒቴኑም እኩል ይገባቸዋል። በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በዚህ ትርጉም ባሕረኛ አይደለም። ተመርቆ ገና ውል ያላገኘ ልጅም እንዲሁ። የሥራ ውል ወይም የቅጥር ደብዳቤ፣ የባሕረኛ ደብተርና የኤስቲሲደብልዩ (የባሕረኞች ሥልጠናና ብቃት ዓለም አቀፍ ስምምነት) የብቃት ወረቀቶች ይቅረቡ፤ የብቃት ወረቀቱም ከሰጠው ተቋም መዝገብ ጋር ይመሳከር። ፎቶ ኮፒ ላይ ያረፈ ማኅተም ማረጋገጫ አይሆንም። የሚያጠራጥር መደብ ሲያጋጥም መዝጋቢው በራሱ አይወስን፤ ስምምነቱ ውሳኔውን የሰጠው የመርከብ ባለቤቶችንና የባሕረኞችን ማኅበራት አማክሮ ለሚወስነው ለአገሪቱ ባለሥልጣን ነው።

ለአመልካቹ ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው፦ ይህ ሰነድ ፓስፖርት አይደለም፤ ይህም ሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፋል። መርከብ ለመሳፈር በአውሮፕላን ሌላ አገር የሚሄድ፣ ወይም ውሉ አልቆ ወደ አገሩ የሚመለስ ባሕረኛ ፓስፖርቱንም አብሮ መያዝ አለበት። ያለ ቪዛ ከመርከብ የመውረዱ መብትም የሚጠበቀው ስምምነቱን በተቀበሉ አገሮች ወደብ ነው።

ስሙ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በጅማ አንድ ሰው ስሙ በሦስት አጻጻፍ ተጽፎ ሊመጣ ይችላል፦ በቀበሌው ወረቀት በቁቤ፣ በትምህርት ቤት ሰነድ በእንግሊዝኛ፣ በድሮ የልደት ወይም የጥምቀት ወረቀት በግዕዝ ፊደል። ጥላሁን በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል፤ ፓስፖርት ላይ ግን በ«ቲ»። ጫልቱ በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፤ በእንግሊዝኛው «ኤች» ይጨመርላታል። ቀነኒሳ በአንዱ በ«ኪዩ»፣ በሌላው በ«ኬ» ነው። ቁቤ የሚረዝመውን አናባቢ ደግሞ ይደግመዋል፤ እንግሊዝኛው አይደግምም። ለጅማ ሰው ሁሉም አንድ ስም ነው፤ ወደብ ላይ ላለው ማሽን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

መፍትሔው አንድ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ይገዛል። ፓስፖርት የሌለው አመልካች መጀመሪያ ፓስፖርት ያውጣ። ስሙን ደግሞ በእጅ አትተይቡ፤ የፓስፖርቱን የማሽን መስመር (ከፎቶው ገጽ ግርጌ ማሽን የሚያነበውን የፊደልና የቁጥር ረድፍ) በሪደር አንብቡና ሲስተሙ ራሱ ይሙላው። እንዲህ ሲሆን የአያት ስም የትኛው ሳጥን፣ የራስና የአባት ስም የትኛው ሳጥን ይግባ የሚለው ክርክርም አብሮ ይቀራል። የመርከቡ የሠራተኞች ዝርዝር ቅጽ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ብሎ በሁለት ዓምድ ነው የሚጠይቀው፤ እኛ ጋ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። ፓስፖርቱ አንዴ የወሰነውን ቅደም ተከተል ሰነዱም ካፒቴኑ የሚሞላው ዝርዝርም ካልተከተሉ የወደቡ ኢሚግሬሽን «ይህ ሰው ዝርዝሬ ላይ የለም» ይላል፤ ባሕረኛውም መርከቡ ላይ ቁጭ ይላል።

ፓስፖርቱ ራሱ ቢሳሳትስ? እናንተ ጋ አይታረም። ስህተቱ መጀመሪያ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይታረምና ከዚያ ይመዝገብ። አዝናችሁ እዚሁ ካስተካከላችሁለት እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሁለት ትክክለኛ ሰነዶች አስይዛችሁ ላካችሁት ማለት ነው።

በጅማ አካባቢ በተለይ ሁለት ነገር ይጠበቅ። አንደኛው «አባ» ነው። አባ መጫ፣ አባ ቢያ፣ አባ ጊሳ ዓይነት ስሞች እዚህ የአባት ወይም የአያት መጠሪያ ናቸው፤ «አባ» የክብር ቃል ነው ብሎ መጣል ስሙን ማጉደል ነው። መለያየቱና መጋጠሙም ለውጥ ያመጣል፦ በማሽን መስመሩ ላይ ክፍት ቦታ በመሙያ ምልክት (<) ስለሚተካ ተለያይቶ የተጻፈው «አባ መጫ» እና ገጥሞ የተጻፈው «አባመጫ» የተለያየ መስመር ይሰጣሉ። ሁለተኛው «ሐጂ» እና «ሼህ» ነው፤ እነዚህ ማዕረጎች ናቸው። የቀበሌ ጸሐፊ አክብሮ ከአባት ስም ፊት ጽፏቸው ሊሆን ይችላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ከሌሉ ሰነዱም ላይ አይግቡ። አመልካቹ ቅር እንዳይለው ምክንያቱን በአክብሮት አስረዱት፤ የአባቱን ማዕረግ የነጠቃችሁት ሊመስለው ይችላል።

ሰነዱ በባንክ ካርድ መጠን (85.6 በ54 ሚሊሜትር) ከተሠራ የማሽን መስመሩ ሦስት ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ 30 ምልክት ይይዛል፣ ስም የሚያርፈው በሦስተኛው ነው። ገብረመድኅን ወልደጊዮርጊስን የመሰለ ስም ሦስተኛ ስም ሲታከልበት 30ውን ያልፋል። ያን ጊዜ በ9303 ደንብ የሚቆርጠው ሶፍትዌሩ ነው። መዝጋቢው «ገ/መድኅን» ብሎ ካሳጠረ መስመሩ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። በተለይ «/» የምትለዋን ምልክት የማሽን መስመር አያውቃትም።

የትውልድ ቦታም እንደዚሁ ከፓስፖርቱ ይወሰድ። የቆየ ወረቀት «ከፋ ክፍለ ሀገር» ሊል ይችላል፤ ጅማ የከፋ ዋና ከተማ ስለነበረች ስህተት አይደለም፤ ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው ግን ፓስፖርቱ የያዘው ነው። ሌላውን አጻጻፍ ሁሉ በውስጥ ፋይሉ ማስታወሻ ላይ አኑሩት፤ በኋላ አንድ ሰው ሁለት ሰነድ ሊያወጣ ሲሞክር የሚያጋልጠው ያ ማስታወሻ ነው።

ቀኑ

ሁሉም ሰው ቀን መቀየር የሚያውቅ ይመስለዋል። በጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደን ሰው እንውሰድ። ልክ የሆነው እ.ኤ.አ. ጥር (ጃንዋሪ) 20 ቀን 1998 ነው። መዝጋቢው ሳይቀይር 12፣ 5፣ 1990 ብሎ ካስገባ ሲስተሙ አያጉረመርምም፤ ሜይ 12 ቀን 1990 ብሎ ይቀበላል፣ ሰውየውም በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ያረጃል። ጳጉሜ 3 የተወለደ ሲመጣ ደግሞ ሲስተሙ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና እንቢ ይላል፤ የቸኮለ መዝጋቢ ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ብሎ ያልፈዋል። ጳጉሜ 3 ሴፕቴምበር 8 ነው፤ አለቀ።

የሚደበቀው ስህተት የአንድ ቀኑ ነው። ጳጉሜ ስድስት ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። ጥምቀት በሌላ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሆኖ በዘመነ ዮሐንስ 20 የሚውለው በዚህ ነው። በ1980፣ 1984፣ 1988፣ 1992 እና 1996 ዓ.ም. በእነዚያ ወራት የተወለደ አመልካች ሲመጣ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። ጥር 12 ቀን 1988 ጃንዋሪ 21 ቀን 1996 ነው፤ 20 አይደለም። ፓስፖርቱ 20 ብሎ ከሆነ ግን በስሙ ላይ እንደተባለው ነው፤ ቀድሞ ፓስፖርቱ ይታረማል።

ማሽኑ ይጠብቀናል የሚል ካለ የማረጋገጫ አሐዙ (በማሽን መስመሩ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ የሚሰፍረው መቆጣጠሪያ ቁጥር) እንዴት እንደሚሠራ ይይ። ልደቱ 980120 ነው እንበል። አሐዞቹ በተራ በ7፣ 3፣ 1፣ 7፣ 3፣ 1 ይባዛሉ፦ 63፣ 24፣ 0፣ 7፣ 6፣ 0። ድምሩ 100 ነው፤ ለ10 ተካፍሎ የሚተርፈው 0፣ አሐዙም 0 ይሆናል። ቀኑ 21 ቢሆን አሐዙ 1 ይሆን ነበር። ስለዚህ ሪደሩ አንዷን አሐዝ አሳስቶ ቢያነብ ይያዛል። መዝጋቢው አሳስቶ ካስገባ ግን አሐዙም ከተሳሳተው ቀን ይሰላል፤ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይበራል። ይህን የሚይዘው ሁለተኛ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ይመዝግብ፤ ሌላው ፓስፖርቱን በእጁ ይዞ ከስክሪኑ ጋር ያመሳክር፤ ሁለቱም በየራሳቸው የይለፍ ቃል ይፈርሙ። «የኔን ግባበት» መባባል ከተጀመረ ማመሳከሩ ቀርቷል።

ፎቶው

ፎቶው እዚያው በእናንተ ካሜራ ይነሣ። ከስቱዲዮ የመጣ ፎቶ ፊቱ ለስልሶ፣ ቆዳው ነጥቶ ይመጣል፤ ማሽን ፊት ሲያመሳክር ይቸገራል፤ የሁለት ሰው ፊት የተቀላቀለበትን ፎቶ ለማስገባትም ቀዳዳ ይከፍታል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ደግሞ አንዴ ተጨምቋል፤ ቺፑ ላይ የሚያርፈው ከ15 እስከ 20 ኪሎባይት ያህል ስለሆነ ዳግም ሲጨመቅ የዓይን ዙሪያ ይደበዝዛል።

ካሜራውን ከሰውየው አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቃችሁ በዓይኑ ከፍታ አቁሙ። ቅርብ ሲሆን አፍንጫ ይገዝፋል፤ ጆሮ ይሸሻል። በሁለቱ ዓይኖች መሐል ቢያንስ 90 ፒክሰል ይኑር፣ 120 ቢሆን ይሻላል። ከአገጭ እስከ አናት ያለው የፎቶውን ቁመት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይያዝ። ጀርባው ቀለል ያለ ግራጫ ይሁን፤ ደማቅ ነጭ ግድግዳ ካሜራውን ያታልለዋል፤ ብርሃን ቀንሶ ጠይም ፊት ያጠቁራል። መፍትሔው የካሜራውን አውቶማቲክ አጥፍቶ ብርሃኑን ፊት ላይ መለካትና ከግራና ከቀኝ ሁለት እኩል መብራት ማቆም ነው። በክረምት የጅማ ሰማይ ቀኑን ሙሉ ይለዋወጣል፤ በመስኮት ብርሃን የምትተማመኑ ከሆነ የጠዋቱና የከሰዓቱ ፎቶ አይመሳሰልም፤ ስለዚህ መስኮቱን በመጋረጃ ዝጉት።

ሒጃብ ወይም ሻሽ ለሃይማኖት ከሆነ አይወልቅም። ከአገጭ ሥር እስከ ግንባር ፊቱ በሙሉ መታየቱን፣ ጨርቁ ጥላ አለመጣሉን ብቻ አረጋግጡ፤ ፎቶ የምታነሣ ሴት ሠራተኛ ካለች ነገሩ ሁሉ ይቀላል። መነጽር የሚያንጸባርቅ ከሆነ ይውለቅ።

አንድ ሰው፣ አንድ ሰነድ

ስምምነቱ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ የባሕረኛ መታወቂያ እንዳይሰጥ ያዛል። በስምና በልደት ቀን መፈለግ ብቻውን አይበቃም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ያለው የጥላሁን ነገር ያሳያል። ፋይዳ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፊት ወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አሐዝ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን በውስጥ ፋይሉ ያዙና ድግግሞሽ አጣሩበት። ካርዱ ላይ ግን አታትሙት፤ በስምምነቱ የግል መለያ ቁጥር ሰነዱ ላይ ማስፈር አማራጭ እንጂ ግዴታ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ በግማሽ የቀረ ምዝገባ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ለኮምፒውተሩ፣ ለካሜራውና ለሞደሙ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይኑር፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ መረጃው ተመስጥሮ እዚያው ይቀመጥ። ማታ ላይ ሥራ የሚዘጋው «ጅማ የላከችው ስንት፣ ማዕከሉ የተቀበለው ስንት» የሚለው ቁጥር ሲገጥም ብቻ ነው። በፍላሽ ይዞ አዲስ አበባ መሄድ ፈጽሞ አይፈቀድ።

ማተሙና ቁልፎቹ

ባዶ ካርድ ጅማ አይምጣ። ጅማ ትመዝግብ፣ ታስረክብ፤ ማተሙ በአንድ ማዕከል ይሁን። ባዶ ካርድ ያለበት ቦታ ሁሉ የብረት ሣጥን፣ ሁለት ቁልፍ ያዢ፣ የቁጥር መዝገብና የተበላሸ ካርድ ማስወገጃ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፤ ይህን ሁሉ በየከተማው ማባዛት ለሌባ በር ማብዛት ነው።

በማዕከሉ በኩል ሁለት ነገር ብቻ እናንሳ። የአገሪቱ ዋና ፈራሚ ቁልፍ (የሌሎቹን ዲጂታል ፊርማ ቁልፎች ሰርተፊኬት የሚያጸናው) ከኔትወርክ ውጭ ይቀመጥ፤ ካርዶቹን የሚፈርመው የሰነድ ፈራሚ ቁልፍ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ ወይም ከ100,000 ካርድ በላይ አይፈርም። የተለመደው ስህተት የዚህን ቁልፍ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ፊርማው እውነተኛ መሆኑን ሪደሩ የሚያረጋግጥበትን ማስረጃ፣ ዕድሜ ማሳጠር ነው። ካርዱ ለ10 ዓመት ከተሰጠ ሰርተፊኬቱ 10 ዓመት ከሦስት ወር መኖር አለበት፤ አለዚያ ካርዱ ሳያልቅ ፊርማው ይሞታል። (ስምምነቱ ከ10 ዓመት በላይ አይፈቅድም፤ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በኋላም ሰነዱ ይታደሳል።) ሌላው፣ ሰርተፊኬቶቹ በኢካኦ የቁልፍ ማውጫ ካልተሰራጩ የሩቁ ወደብ ሪደር ፊርማውን የሚያረጋግጥበት የለውም። የተሰረዙ ሰርተፊኬቶች ዝርዝርም ምንም ባይሰረዝ ቢያንስ በየ90 ቀኑ መውጣት አለበት።

ርክክብ

ካርዱ ሲደርስ ሁለት ሰው ሆናችሁ ከፍታችሁ ቁጥሩን ከማጓጓዣው ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። ለባለቤቱ ብቻ፣ በአካል፣ አስፈርሞ። ወንድም መጣ፣ ወኪል መጣ፣ «አዲስ አበባ በረራ አለው» ተባለ፤ አይሰጥም።

ከማስረከባችሁ በፊት እፊቱ አንብቡት። ስምምነቱ ባሕረኛው በዓይን የማይነበበውን መረጃ በቀላሉ የሚያይበት ማሽን እንዲኖር ያዛል፤ ስለዚህ ስክሪኑን ወደ እሱ አዙሩለት። ሪደሩ ቺፑን የሚከፍተው ከማሽን መስመሩ በሚያገኛቸው ሦስት ነገሮች ነው፦ የሰነዱ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን። ቺፑ እንቢ ካለ መጀመሪያ ሪደሩን ከብረት ጠረጴዛ ላይ አንሡት፤ ብረት ሲግናሉን ይበላል። ኪሱ ወይም ቦርሳው ውስጥ ያለ ሌላ ቺፕ ያለው ካርድም ይረብሻል፤ አርቁት። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተከፈተ በካርዱ ላይ የታተመውና ቺፑ ላይ የተጻፈው አይገጥሙም ወይም ቺፑ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ካርዱን አታስረክቡ፣ «ወደብ ላይ ይሠራ ይሆናል» ብላችሁም አትላኩት።

ለባሕረኛው ይህን ንገሩት፦ ሰነዱ ምንጊዜም በእጁ ይሆናል። ካፒቴኑ ለጥበቃ ሊይዝለት የሚችለው ባሕረኛው በጽሑፍ ከተስማማ ብቻ ነው። ቀጣሪ ወኪል «ለመያዣ» ሰነዱን ቢጠይቀው አይስጥ።

ከተሰጠ በኋላ

ስለ ሰነዱ ከሌላ አገር ኢሚግሬሽን ወይም ወደብ ጥያቄ ሲመጣ የሚመልስ ቋሚ ተጠሪ በቀን 24 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን ሊኖር ይገባል። ይህ የጅማ ሥራ አይደለም፤ ማዕከሉ ይመልስ። ጅማ ላይ የምትጠየቁት የምዝገባ ፋይል ቶሎ ማቅረብ ነው። ሰዓት ስትጽፉ በሁለቱም በኩል በባለ 24 ሰዓት ዓለም አቀፍ ሰዓት ጻፉ፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ለእኛ ግልጽ ነው፤ ለሲንጋፖር መኮንን ግን በስድስት ሰዓት የተሳሳተ ነው። የሚሰጠውም መልስ ሰነዱን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን፤ ስለ ሰውየው ሃይማኖት፣ ቤተሰብ ወይም ደመወዝ የሚጠይቅ ካለ መልስ የለውም።

ማመልከቻ ሲከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ስምምነቱ ይግባኝ የማለት መብት ሰጥቶታል፤ ያለ ምክንያት ማጓተትንም ከልክሏል። ሥርዓቱ በሙሉ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ በገለልተኛ አካል ይገመገማል፤ ግምገማው የሚያየው የጠረጴዛችሁን መዝገብ ነው፦ ማን መዘገበ፣ ማን አመሳከረ፣ ስንት ተላከ፣ ስንት ተመለሰ፣ የተበላሸው የት ሄደ። ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ሰነድ ጠፋ የሚል ስልክ ሲመጣ በዚያው ሰዓት ቁጥሩ ይታገድ፤ የፖሊስ ማስረጃ በኋላ ይደርሳል። አዲሱ ከተሰጠ በኋላ ሰውየው አሮጌውን ሱሪ ኪስ ውስጥ አግኝቶት ቢመጣ ተቀብላችሁ ቺፑን ቆርጣችሁ አስወግዱ፤ የታገደ ቁጥር ተመልሶ አይከፈትም።